ናይትሬቱ በአንድ ወር ውስጥ ወረደ፦ የተለወጠው ወንዙ ነው ወይስ መዝገቡ?

ምንጭ_ተከታይ

ሰላም ለሁላችሁ። ሃይድሮሎጂስት ነኝ። ከእኔ በፊት የነበሩ ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት የሰበሰቡት የአንድ ወንዝ የውሃ ጥራት መዝገብ በቅርቡ እጄ ገብቷል። ናሙናው በየወሩ ነው የሚቀዳው። የድሮው ክፍል በወረቀት ቅጽ ላይ ነው ያለው፣ የቅርቡ ደግሞ ኤክሴል ላይ።

የረጅም ጊዜ አዝማሚያውን እንዳወጣ ተጠይቄያለሁ። ግራፉን ስሠራው ናይትሬቱ (ማዳበሪያ ውስጥም ያለው የናይትሮጅን ውህድ) ለዓመታት ከፍ ዝቅ ሲል ይቆይና አንድ ወር ላይ ድንገት ይወርዳል። ወደ ሩብ ገደማ ነው የወረደው። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። አለቆቼ ደስ ብሏቸዋል፤ "የወንዙ ውሃ ተሻሽሏል" ተብሎ ሪፖርቱ ላይ እንዲገባ ይፈልጋሉ። እኔን ግን ልቤ አልተቀበለውም።

ሌላ ያለኝን ልንገራችሁ። የፍሰት መዝገብ አለ፣ ግን የጎደሉ ወራት አሉት። ፎስፈረስም ተለክቷል፣ ብዙው ቦታ ላይ ግን "0" ተብሎ ነው የተሞላው። ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ)፣ ክሎራይድና የሟሟ ኦክስጅንም አሉ። ከየት ልጀምር?

---

የላብ_ሰው

"ወደ ሩብ" ያልሽው ነገር ነው ያነቃኝ። ከሁሉ በፊት መለኪያውን እዪ።

ናይትሬት በሁለት መንገድ ይጻፋል። አንዱ ላብ (ላቦራቶሪ) የሙሉውን ናይትሬት ክብደት ይጽፋል። ሌላው በውስጡ ያለውን የናይትሮጅን ክብደት ብቻ። የናይትሬት ክብደት 62 ነው፣ የናይትሮጅኑ 14። 62ን ለ14 ብታካፍዪ 4.43 ይመጣል። ስለዚህ ያው አንድ ውሃ በአንዱ አጻጻፍ 22 ተብሎ በሌላው 5 ገደማ ሊባል ይችላል። ሁለቱም "ሚሊግራም በሊትር" ናቸው፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ችግሩ አንዱ ዓምድ ውስጥ ሲቀላቀሉ ነው።

የመጠጥ ውሃ ገደቦችን ተመልከቺ። የዓለም ጤና ድርጅት 50 ይላል፣ አሜሪካ 10 ትላለች። ለማያውቅ ሰው አንዱ ከሌላው አምስት እጥፍ የላላ ይመስላል። ነገር ግን 50ው በናይትሬት ነው፣ 10ሩ በናይትሮጅን። 50ውን ወደ ናይትሮጅን ብትለውጪው 11.3 ይሆናል። ተቀራራቢ ናቸው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከመውረዱ በፊት የነበሩትን የጥቂት ዓመታት ሚዲያን (በመጠን ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለውን ቁጥር) ከወረደ በኋላ ባለው ሚዲያን አካፍዪ። 4.4 አካባቢ ከመጣ ወንዙን ትተሽ ወደ ወረቀቱ ሂጂ። የላብ ቅጹ አናት ላይ የተጻፈውን ወር በወር አወዳድሪ። ኮንዳክቲቪቲና ክሎራይድ በዚያው ወር ንቅንቅ ካላሉ ጥርጣሬው የበለጠ ይጠነክራል።

---

ደለል

የላብ_ሰው ያለውን እደግፋለሁ። እኔ ደግሞ ከወንዙ ጠባይ ተነስቼ ልናገር፤ ጥያቄሽ "ወንዝ እንዲህ ይለወጣል ወይ?" የሚል ስለሆነ።

ከአንድ ቧንቧ የሚወጣ ነገር በአንድ ወር ሊወርድ ይችላል። ፋብሪካ ሲዘጋ ወይም ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር አሞኒያ፣ ፎስፈረስ ወይም አንድ ዓይነት ብረት ድንገት ሲቀንስ አይቻለሁ። ናይትሬት ግን በአብዛኛው ከእርሻ መሬት ነው የሚመጣው። አፈር ውስጥ ይሰርጋል፣ ከርሰ ምድር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ወንዙ ይወጣል። መንገዱ ዓመታት፣ አንዳንዴም አሥርት ዓመታት ይወስዳል።

የእንግሊዙን የቴምዝ ወንዝ መዝገብ ያላየ ሰው ቢያየው ደስ ይለኛል። የናይትሬት ልኬቱ ከ1868 ጀምሮ ያለ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በዓለም ላይ ካሉ የወንዝ ኬሚስትሪ መዝገቦች ሁሉ ረጅሙ ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምግብ ለማምረት ሲባል ለዘመናት ሣር የነበረ መሬት ታረሰ። አፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረው ናይትሮጅን ተለቀቀ። በኋላ ደግሞ ማዳበሪያው እየበዛ መጣ። ወንዙ ላይ ትልቁ ጭማሪ ጎልቶ የታየው መቼ ነው? በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገደማ። አካባቢው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ናይትሬቱ መሬት ውስጥ ሲጓዝ ከርሞ ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ የማዳበሪያ አጠቃቀም ቢስተካከልም ቁጥሩ ወደ ድሮው አልተመለሰም።

ይህን መዝገብ የጀመሩት ሰዎች ይህን ጥያቄ ለመመለስ አስበው አልነበረም። የሚያሳስባቸው የመጠጥ ውሃው ነበር። ግን ሳያቋርጡ ለኩ፣ ጻፉ፣ አስቀመጡ። ይህን ሳስብ ለሙያችን ያለኝ ክብር ይጨምራል።

---

ቀጥታ

ይቅርታ፣ እኔ የዚህ ሙያ ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ወንዙ መቆሸሹን ማንም በዓይኑ ያያል። ሰላሳና አርባ ዓመት መለካት ለምን ያስፈልጋል? ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ፍሳሽ ማጣሪያ ላይ ቢውል አይሻልም?

---

ደለል

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጀት ሲቆረጥም የሚነሳው ክርክር ይኸው ነው።

በዓይን የሚታየው ቆሻሻ ከችግሩ ትንሹ ክፍል ነው። ናይትሬት ቀለም የለውም። የአሲድ ዝናብም ቀለም አልነበረውም። አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ሃባርድ ብሩክ የሚባል የጥናት ደን አለ። በ1963 ጂን ላይከንስ፣ ኸርበርት ቦርማንና ባልደረቦቻቸው የትንንሽ ጅረቶቹንና የዝናቡን ኬሚስትሪ በቋሚነት መለካት ጀመሩ። ዝናቡ ከሚጠበቀው በላይ አሲዳማ ሆኖ አገኙት። ጫካው ከከተማና ከፋብሪካ የራቀ ነው። አሲዱ በአየር ከሩቅ ነበር የሚመጣው።

ከዚያ የሆነው ነው የበለጠ የሚያስተምረው። የአየር ብክለት ሕጉ በ1990 ተጠናክሮ የዝናቡ አሲድነት እየቀነሰ ሲሄድ ሁሉም ጅረቶቹ ቶሎ ያገግማሉ ብሎ ጠበቀ። አላገገሙም። ለምን? አሲዱ ለአሥርት ዓመታት ከአፈሩ ካልሲየም ሲያጥብ ኖሯል። አፈሩ አሲድ የመቋቋም አቅሙን አጥቷል። ይህን ያወቁት ዝናቡ ብቻ ሳይሆን ጅረቱም ያለማቋረጥ ስለተለካ ነው። ነገሩን ለመፈተን በ1999 አንዱን ተፋሰስ በሙሉ ካልሲየም በተኑበት።

የዚህን መዝገብ አምስት ዓመት ብቻ ቆርጠህ ብታይ አንዱ ቁራጭ "እየጨመረ ነው" ይልሃል፣ ሌላው "እየቀነሰ ነው" ይላል። እውነቱ የሚወጣው ረጅም ሲሆን ነው።

ማጣሪያ ይሠራ ባይ ነኝ፣ ሙሉ በሙሉ። ግን ከተሠራ በኋላ መሥራቱን በምን እናውቃለን?

---

ቀጥታ

ገባኝ። ስለ አፈሩ የነገርከኝ በጭራሽ አስቤው የማላውቀው ነገር ነው። ማጣሪያ ተሠርቶም ውሃው ያልተሻሻለበት ቦታ ካለ ግን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

---

የላብ_ሰው

አለ፤ እንዲያውም ተሻሽሎ ከዚያ ተመልሶ የተበላሸ። በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ ያለው ኤሪ ሐይቅ ነው።

በ1960ዎቹ ሐይቁን አልጌ ወርሶት ነበር። መንስኤው ፎስፈረስ መሆኑ ሲታወቅ በ1970ዎቹ ፍሳሽ ማጣሪያዎች ላይ ብዙ ተሠራ፣ ሐይቁም አገገመ። ኦሃዮ ውስጥ ያለው ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወደ ሐይቁ የሚገቡ ወንዞችን በአውቶማቲክ ናሙና መቅጃ ሲከታተል ነበር። ጎርፍ ሲመጣ በቀን ከአንድ በላይ ናሙና ይተነትናሉ። ዋናው ነገር ደግሞ ሁለት ዓይነት ፎስፈረስ ለየብቻ መለካታቸው ነው፦ ከደለል ጋር ተጣብቆ የሚሄደውንና ውሃው ውስጥ የሟሟውን።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የሟሟው ፎስፈረስ መጨመር ጀመረ። ጠቅላላውን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ነገር አያየውም ነበር። አልጌ የሚፈልገው ግን የሟሟውን ነው፤ በቀጥታ ይመገበዋል። ማዳበሪያ አፈር ውስጥ ሳይገባ ላይ ላዩን መበተኑና እርሻ ስር የተቀበሩ የውሃ ማፍሰሻ ቱቦዎች ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ናቸው። በነሐሴ 2014 ከሐይቁ ውሃ በሚስበው ቶሊዶ ከተማ ውስጥ ከ400,000 በላይ ሰው ለጥቂት ቀናት የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጣ ተነገረው። የአልጌው መርዝ ወደ ውሃ ማጣሪያው ገብቶ ነበር።

ማጣሪያዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል። አዲሱ ችግር በሌላ በር ነው የገባው።

---

ቁጥር_ወዳድ

ወደ ምንጭ_ተከታይ ልመለስ። እኔ በስታቲስቲክሱ በኩል ነኝ። የመለኪያው ነገር ሲጣራ ሁለት ወጥመድ ይጠብቅሻል።

አንደኛው "0" የተባሉት ፎስፈረሶች ናቸው። ዜሮ የሚባል ልኬት የለም። ላቡ ሊለየው ከሚችለው መጠን በታች ነው ማለት ነው። ያ መጠን ስንት እንደነበር ለየዓመቱ ፈልጊ። ብዙ ሰው "በግማሹ ልተካው" ይላል። አደገኛ ነው። ለምሳሌ የድሮው መሣሪያ ከ0.05 በታች አያይም እንበል። አዲሱ እስከ 0.01 ያያል። በግማሽ ስትተኪ የድሮው 0.025 ይሆናል፣ የአዲሱ 0.005። ወንዙ ምንም ሳይሆን ፎስፈረስ በአምስት እጥፍ "ቀነሰ"! የተሻሻለው መሣሪያው ነው። "ከ0.05 በታች" ብለሽ እንዳለ መዝግቢውና እንዲህ ላለ መረጃ የተሠሩ ዘዴዎችን ተጠቀሚ።

ሁለተኛው ፍሰትና ወቅት ነው። በጥሬው ቁጥር ላይ ቀጥ ያለ መስመር አታስምሪ። ከጊዜ በኋላ ዝናብ የበዛባቸው ዓመታት ከመጡ ውሃው ስለበዛ ብቻ ቁጥሩ ይወርዳል ወይም ይወጣል። ኸርሽ፣ ስላክና ስሚዝ በ1982 ያወጡት፣ አዝማሚያ መኖሩን የሚመረምር የወቅታዊ ኬንዳል ፈተና አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጥርን ከጥር፣ ሐምሌን ከሐምሌ ጋር ብቻ ታወዳድሪያለሽ፣ ከዚያ ውጤቱን ትደምሪያለሽ። ያው ኸርሽ ከባልደረቦቹ ጋር በ2010 ደግሞ ጊዜን፣ ፍሰትንና ወቅትን አንድ ላይ የሚያይ ዘዴ አወጣ። ሁለት ጥያቄ ለይቶ ይመልስልሻል። "ወንዙ ውስጥ በእርግጥ ምን አለፈ?" እና "የዝናቡ ከፍ ዝቅ ባይኖር ኖሮ ምን ይታይ ነበር?" ለዓሣው የመጀመሪያው ነው የሚያሳስበው። ሰው ያደረገው ጥረት መሥራቱን የሚነግርሽ ግን ሁለተኛው ነው።

---

ዓሣ_ወዳጅ

ጣልቃ ልግባ። እኔ ሁሌም የሚምታታብኝ ነገር አለ። ወንዝ የበለጠ የሚቆሽሸው ሲሞላ ነው ወይስ ሲጎድል?

---

ደለል

ስለ የትኛው ቆሻሻ ነው የምትጠይቀው? መልሱ በዚያ ይወሰናል።

ከቧንቧ ቀን ከሌት በእኩል የሚፈስ ነገር፣ ለምሳሌ ከፍሳሽ የሚመጣ ክሎራይድ፣ ወንዙ ሲጎድል ይበረታል። ሲሞላ ይቀጥናል። ደለልና ደለል ላይ የሚጣበቅ ፎስፈረስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጎርፉ ነው ጠርጎ የሚያመጣቸው። ናይትሬት ብዙ ጊዜ ጎርፉ እንደመጣ ይቀጥንና ውሃው መጉደል ሲጀምር ይጨምራል፣ ምክንያቱም አፈር ውስጥ የሰረገው ውሃ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጎርፉ ሲወጣና ሲወርድ ፍሰቱ እኩል የሆነባቸውን ሁለት ሰዓታት ውሰድ። የውሃው ጥራት እኩል አይሆንም። ሲወጣ መንገድ ላይና ወንዙ ወለል ላይ የተጠራቀመውን ያጥባል፤ ሲወርድ ያ አልቋል። ስለዚህ ናሙናው የተቀዳው ሲሞላ ነው ወይስ ሲጎድል የሚለው መመዝገብ አለበት። ብዙ ቅጽ ላይ ለዚህ ቦታ እንኳ የለም። ያሳዝነኛል።

ሌላው የክምችትና የጭነት ልዩነት ነው። ክምችት በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ነው። ጭነት ወንዙ በቀን ተሸክሞ የሚያልፈው ጠቅላላ መጠን። ሚሊግራም በሊትርን በኪዩቢክ ሜትር በሰከንድ አባዝተህ እንደገና በ86.4 ስታባዛው ኪሎግራም በቀን ይሰጥሃል። 2 ሚሊግራም በሊትር ያለው ወንዝ በሰከንድ 50 ኪዩቢክ ሜትር ከፈሰሰ በቀን 8,640 ኪሎግራም ያልፋል። ወንዙ ውስጥ ለሚኖር ዓሣ ክምችቱ ወሳኝ ነው። ታች ላለው ሐይቅ ወይም ባሕር ግን ጭነቱ ነው የሚቆጠረው። የዓመቱ ፎስፈረስ አብዛኛው በጥቂት የጎርፍ ቀናት ውስጥ ሊያልፍ ስለሚችል፣ በወር አንዴ ብቻ የሚቀዳ ናሙና ለጭነት ስሌት በጣም ደካማ ነው።

---

ዓሣ_ወዳጅ

አመሰግናለሁ፣ ተብራራልኝ። ለዓሣ ኦክስጅኑስ? ምንጭ_ተከታይ የሟሟ ኦክስጅን አለኝ ብላለች።

---

ደለል

ኦክስጅን የምወደው ርዕስ ነው፣ ትንሽ ልዘርዝር።

ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ፣ በ0 ዲግሪ 14.6 ሚሊግራም በሊትር ገደማ ይይዛል፣ በ20 ዲግሪ ግን 9.1 ብቻ። ስለዚህ ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ምንም ብክለት ሳይጨመር ኦክስጅኑ ይቀንሳል። የሙቀት መጠኑን አብሮ ያላየ ሰው ብክለት ጨመረ ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ሰዓቱ ነው። ቀን ላይ አልጌና የውሃ ውስጥ ተክሎች በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመርታሉ። ሌሊት ግን ሁሉም ይተነፍሳል እንጂ የሚያመርት የለም። ስለዚህ ዝቅተኛው መጠን የሚገኘው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው፣ ከፍተኛው ከሰዓት በኋላ። ፒኤችም (የአሲድነት መለኪያው) እንዲሁ ከሰዓት በኋላ ከፍ ይላል። አሁን አስቡት። ለዓመታት ጠዋት ናሙና ሲቀዳ የነበረ ቡድን የመኪና ፕሮግራም ተቀይሮበት ከሰዓት መሄድ ይጀምራል። መዝገቡ ላይ ኦክስጅን "ተሻሻለ"። ዓሣው ግን ጎህ ሲቀድ አየር እያጠረው ነው።

ምንጭ_ተከታይ፣ የመቅጃ ሰዓት የተጻፈበት ቅጽ ካለሽ እንደ ወርቅ ያዢው። የመቅጃ ቦታውም እንዲሁ። ድልድይ መሀል ላይ ሆኖ መቅዳትና ከዳር መቅዳት አንድ አይደለም። ከላይ በኩል ገባር ካለ ውሃው ብዙ ርቀት ሄዶም ሳይቀላቀል በአንድ ዳር ሊፈስ ይችላል።

---

ምንጭ_ተከታይ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የላብ_ሰው፣ የነገርከኝ ሆኖ ተገኘ! ሚዲያኖቹን ሳካፍል 4.4 አካባቢ ነው የመጣው። የወረቀት ቅጾቹን አወጣሁ። እስከዚያ ወር ድረስ "ናይትሬት" ይላል፤ ከዚያ ወር ጀምሮ "ናይትሬት-ናይትሮጅን"። ክሎራይድና ኮንዳክቲቪቲም በዚያ ወር አልተንቀሳቀሱም። መረጃውን ወደ ኤክሴል ያስገባው ሰው አናቱን ሳያስተላልፍ ቁጥሩን ብቻ ነው ያስተላለፈው።

አዲሶቹን በ4.43 አባዝቼ እንደገና ስሠራው መውረዱ ጠፋ። የቀረው ዝግ ያለ ጭማሪ ነው። ማለትም ሪፖርቱ ላይ ሊጻፍ የነበረው ከእውነቱ ተቃራኒ ነበር።

ጋሼ ደለል፣ ይህን ለአለቆቼ እንዴት ላቅርበው? መሻሻል ጠብቀው ነበር።

---

ደለል

እንዳለ አቅርቢው። ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን፣ አናታቸው እየታየ አሳዪያቸው። የላቡን ቅጽ የሚከራከር የለም። ማንንም አትውቀሺ፤ ይህ ብዙ አገር ውስጥ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ግን ሁለት ነገር አደራ። ጥሬውን ፋይል እንዳትነኪው። የተስተካከለውን በሌላ ዓምድ አስቀምጪና ለምን፣ መቼ፣ በስንት እንዳባዛሽ ከጎኑ ጻፊ። ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ሰው ያንቺንም ሥራ መመርመር መቻል አለበት። ሁለተኛ፣ ጭማሪውን "ገበሬዎች አሁን ማዳበሪያ ስላበዙ ነው" ብለሽ እንዳትተረጉሚው፣ ሌላ ማስረጃ ካላገኘሽ በቀር። ቴምዝ ላይ እንዳየነው ዛሬ ወንዝ ውስጥ የሚታየው የድሮ ሥራ ውጤት ሊሆን ይችላል። በ2018 ስለ ሚሲሲፒ ወንዝ የወጣ ጥናት አለ። አፈርና ከርሰ ምድር ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅን ብዙ ስለሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ በእርሻ ላይ ምንም ትርፍ ናይትሮጅን ባይባክን እንኳ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚገባውን ናይትሮጅን ለመቀነስ የተያዘው ግብ ላይ ለመድረስ አሥርት ዓመታት ያስፈልጋሉ ይላል። ይህን ለአለቆችሽ አስቀድመሽ ካልነገርሻቸው፣ ነገ ጥሩ ሥራ ተሠርቶ ቁጥሩ ሳይወርድ ሲቀር "አልሠራም" ብለው ይተዉታል።

---

የላብ_ሰው

በጣም ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ብረታ ብረት የተለካበት መዝገብ ካለሽ እጥፍ ተጠንቀቂ። በ1991 የወጣ ጥናት የአሜሪካ ብሔራዊ የወንዝ ክትትል መረብ ስለ ሟሟ እርሳስ፣ ዚንክ፣ መዳብና ካድሚየም የያዘው ቁጥር ከእውነተኛው በጣም ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ብረቱ የመጣው ከወንዙ ሳይሆን ከመቅጃው፣ ከማጣሪያውና ከአያያዙ ነበር። ከዚያ በኋላ ንጹሕ አያያዝ ሲጀመር ቁጥሩ ወረደ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ወንዞች ጸዱ ይላል።

ለዚህ ነው ባዶ ናሙና የሚባለው የሚያስፈልገው። የተጣራ ንጹሕ ውሃ ወደ መስክ ወስደሽ ልክ እንደ ወንዙ ውሃ በዚያው ዕቃ ታሳልፊዋለሽ፣ በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ታጣሪዋለሽ፣ አሲድ ታክዪበታለሽ፣ በበረዶ ይዘሽ ትመጪያለሽ። ላቡ ውስጥ ያ ውሃ እርሳስ ካሳየ እርሳሱ ያንቺ ነው።

---

ምንጭ_ተከታይ

ብረቶቹ የተለኩት ጥቂት ጊዜ ነው፤ አዝማሚያ ውስጥ አላስገባቸውም።

አሁን ሌላ ነገር ተነስቷል። የወሩን ናሙና አቁመን ወንዙ ውስጥ ቋሚ ሴንሰር እንትከል የሚል ሐሳብ አለ። በየ15 ደቂቃው ናይትሬት፣ ኦክስጅን፣ ኮንዳክቲቪቲና ድፍርስነት ይለካል። ያስደስታል፣ ግን እፈራለሁ።

---

ቁጥር_ወዳድ

ሴንሰሩ ይምጣ፤ ናሙናው ግን አይቁም።

ጥቅሙ ብዙ ነው። ዌልስ ውስጥ ፕሊንሊሞን በሚባል ቦታ በየ7 ሰዓቱ ናሙና እየቀዱ ብዛት ያላቸውን ንጥረ ነገሮች ለኩ። የሳምንት ናሙና ፈጽሞ ሊያሳየው የማይችል የቀንና የሌሊት፣ የጎርፍና የድርቅ ለውጥ ወጣ። ግን እዚያም ቢሆን የሳምንቱን የረጅም ጊዜ መዝገብ አልጣሉትም። የሁለቱ አንድ ላይ መኖር ነው ዋጋ የሰጠው።

---

ደለል

እኔም እስማማለሁ። ዓላማውንም ለዩ። አደጋ ለማወቅ የሚደረግ ክትትልና አዝማሚያ ለማወቅ የሚደረግ ክትትል አንድ አይደሉም። ኅዳር 1 ቀን 1986 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ ፀረ ተባዩን ይዞ ራይን ወንዝ ውስጥ ገባ፤ ታች በኩል እባብ መሰል ዓሦች በገፍ አለቁ። እንዲህ ያለውን በወር አንዴ የሚቀዳ ናሙና አይዘውም፣ ሴንሰርና ፈጣን ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። የሃያ ዓመት ዝግ ያለ ጭማሪን ግን ሴንሰር ብቻውን አያረጋግጥልሽም፣ ምክንያቱም ራሱ ሴንሰሩም ቀስ በቀስ ይዛባል። አልጌና ጭቃ ይሸፍነዋል። መጥረጊያ ብሩሽ ያለው እንኳ የሚሄድበትና የሚያጸዳው ሰው ይፈልጋል።

እግረ መንገዴን፣ የፍሰት ጣቢያውንም አትርሺ። ትልቅ ጎርፍ የወንዙን ወለል ሲቀይረው የውሃ ከፍታና የፍሰት ግንኙነቱም አብሮ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ እንደገና ካልተለካ የሚወጣው የፍሰት ቁጥር የድሮውን ወንዝ ነው የሚናገረው። ጭነት ስታሰዪ ያ ስህተት በቀጥታ ይገባል።

---

የላብ_ሰው

ከተተከለ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ሁለቱን አብራችሁ አስኪዱ። ሁሉም ወቅት መካተት አለበት፣ ጎርፍም ድርቅም። ናሙናው ሲቀዳ የሴንሰሩን ቁጥር በዚያችው ደቂቃ ጻፉ። አንዳንዴ ከአንድ ጠርሙስ ለሁለት ከፍላችሁ ለድሮው ላብም ለሌላ ላብም ላኩ። ልዩነቱ በዝቅተኛ ክምችት ላይና በከፍተኛ ክምችት ላይ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል፣ በተለይ ውሃው ሲደፈርስ የናይትሬት ሴንሰሩ ይቸገራል። ቁጥሮቹን በአማካይ ብቻ አታወዳድሩ።

ሴንሰሩን የሚሸጠው ድርጅት ናይትሬቱን በየትኛው አጻጻፍ እንደሚያሳይም ከመጀመሪያው ቀን ጠይቂ።

---

ምንጭ_ተከታይ

እሺ። አብሮ ማስኬዱን በጽሑፍ አቀርባለሁ። የቅጾቹን አናት፣ የመቅጃ ሰዓትና የመቅጃ ቦታ ለየወሩ የሚያሳይ አንድ ዝርዝርም ጀምሬአለሁ፤ ብዙው ከድሮ የመስክ ደብተሮች እየተገኘ ነው። ፎስፈረሶቹንም "ከ... በታች" እያልኩ እየቀየርኩ ነው። ቁጥር_ወዳድ፣ ወቅታዊውን ፈተና ስሠራ ብትመለከትልኝ?

---

ቁጥር_ወዳድ

በደስታ። የናይትሬቱንና የፍሰቱን ፋይል አንድ ላይ ላኪልኝ። የጎደሉትን የፍሰት ወራት በአማካይ እንዳትሞያቸው፣ ባዶ ይሁኑ። አጠገብ ሌላ የፍሰት ጣቢያ ካለ ግን የእሱንም ጨምሪበት፣ ክፍተቱን ከዚያ መገመት ይቻል እንደሆነ አብረን እናያለን።